ጋፋትና ብሎን፤ ስለ ብረት ማያያዣና ስለ ዝገት አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን በተማርኩበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የአዳሪዎች ወጥ ቤት ከግቢው ጀርባ፥ ጣራው ለግማሹ ብቻ የሚደርስ፥ ግድግዳውም አንድ ብቻ የሆነ ስፍራ ነበር። በዚያም አንድ ትልቅ የብረት ምድጃ ቆሞ ነበር። እንጨቱ የሚነድበት የብረት ርብራብ ከአራቱ እግሮች ጋራ የተያያዘው በስምንት ብሎን ነው። በአንድ ዓመት ክረምቱ አልፎ በመስከረም ስንመለስ ርብራቡ መካከሉ ተቃጥሎ ተበጥሶ ተገኘ። አዲስ ርብራብ ቢመጣም አሮጌውን ማውጣት አልተቻለም። ከስምንቱ ብሎኖች ሰባቱ ከነዳዷቸው አንድ አካል ሆነው ነበር። ጕልበት አለኝ የሚል ተማሪ ሁሉ መፍቻ ይዞ ታገለ፤ የሁለቱ ራስ ተቀነጠሰ፥ የቀሩትም ማዕዘናቸው ተልጦ ክብ ሆነ። ምድጃው እስኪጠገን ድረስ ከሳምንት በላይ የተማሪው ወጥ በድንጋይ ጉልቻ ላይ በተጣደ ጐላ ተሠራ።

በመጨረሻ ከከተማው ዳር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ባለ እጅ ተጠሩ። ሽማግሌው ብሎኖቹን ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፥ «ልጆቼ፥ ብረት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። ይህን ያሰረው ሰው መፍቻውን አላሰበም» አሉን። ከዚያም የቀሩትን በመሮና በመዶሻ ቈርጠው ጣሉ። በአዲሱ ርብራብ ግን ብሎን አላገቡበትም፤ ወፍራም የብረት ችንካር በቀዳዳው አሳልፈው በችንካሩ ጫፍ በበሱት ቀዳዳ ቀጭን ሽብልቅ ሰኩበት። «ሲያስፈልጋችሁ ከዚህ በኩል አንድ ጊዜ ምቱት፥ ይወጣል» አሉ። እኔ ከዚያ ትምህርት ቤት እስከ ወጣሁ ድረስ ያ ሽብልቅ በየዓመቱ በአንድ ምት ይወጣ ነበር።

በዚያ ቀን የሆነውን ሌላውንም ነገር መደበቅ አልፈልግም። ሽማግሌው ሲገቡ ከወጥ ቤቱ ሴቶች አንዷ የተቦካውን ሊጥ በፍጥነት ሸፈነችው፤ ከእኛም መካከል እጃቸውን ለመጨበጥ ወደ ኋላ ያለ ነበር፥ እኔም ከእነዚህ አንዱ ነበርኩ። ስለ ጋፋት ታሪክ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይመላለስብኛል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልመረምር የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ በጋፋት የተጀመረው የብረትና የነሐስ ሥራ ከአገራችን ብረት አያያዝ ልማድ ጋራ ምን ግንኙነት እንደ ነበረው፤ ሁለተኛውም፥ ደጅ በሚያድር የማብሰያ መሣሪያ ላይ ብሎን ለምን እንደሚነክስና እንዴት እንደሚከላከሉት ነው። ሁለቱ ነገሮች የተራራቁ ቢመስሉም አንድ ጥያቄ ያገናኛቸዋል፤ ይኸውም የተሠራውን ዕቃ ማን ይጠብቀዋል የሚለው ነው።

፩ የጋፋት ሥራ

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ ስፍራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ከነገሡ በኋላ ከሁሉ አስቀድመው የፈለጉት የእጅ ጥበብ የሚያውቁ ሰዎችን ነበር። በባዝል ከተማ አጠገብ ያለው የቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ቤት በዚያ ጊዜ ወንጌልንና የእጅ ሥራን አንድነት የተማሩ ወጣቶችን ያሠለጥን ነበር። ቀድሞ በአገራችን የነበረውና በኋላ በኢየሩሳሌም ጳጳስ የሆነው ሳሙኤል ጎባት ባደረገው አማካይነት ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ ከእነዚህ ሰዎች አንዳንዶቹ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከእነርሱም መካከል ቤንደር፥ ማየር፥ ኪንዝለን፥ በኋላም ዋልድማየርና ሳልሙለር ይገኛሉ። የፖላንዱ ተወላጅ ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም በጋፋት ከሠሩት ይቈጠራሉ።

እነዚህ ሰዎች ለስብከት የመጡ እንጂ መድፍ ለመሥራት የመጡ አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን መድፍ እንዲሠሩላቸው አጥብቀው ጠየቁ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ሳይሳኩ ቀሩ፤ ምድጃው ተሠርቶ እየፈረሰ፥ እንደ ገና እየተሠራ፥ ከብዙ ድካም በኋላ ማቅለጡ ተሳካ። የዚህም ድካም ታላቁ ፍሬ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ስሙ የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበው የሩስያ ከተማ ሲሆን ክብደቱ 7 ቶን ያህል ይገመታል። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲነሡ ሴባስቶፖል በሠረገላ ተጭኖ፥ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጐተቱት፥ መንገድ እየተቈረጠለት፥ የጅዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያው ስፍራ ሕይወታቸውን ሠዉ። ያ መድፍ እስከ ዛሬ በመቅደላ አምባ ላይ አለ፤ ምሳሌውም በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባል። ሴባስቶፖል ከመቶ ሃምሳ ከሚበልጡ ክረምቶች የተረፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ ነሐስ ነው። ነሐስ አየር ሲያገኘው የሚያወጣው አረንጓዴ ሽፋን በላዩ ተጣብቆ ውስጡን ይጠብቃል፤ የብረት ዝገት ግን ልል ስለ ሆነ እየተላጠ ውሃን ወደ ውስጥ ያሳልፋል። ሁለተኛው፥ ሴባስቶፖል አንድ ቍራጭ ነው። የሚላቀቅ ክፍል፥ የሚፈታ ማያያዣ የለውም። የተሸከመው ሠረገላ ግን ከብዙ ክፍል የተገጣጠመ ነበር፤ ዛሬ መድፉ ብቻውን በመሬት ላይ ተኝቶ ይታያል። አንድ ወጥ የሆነ ዕቃ ራሱን ይጠብቃል፤ የተገጣጠመ ዕቃ ግን ጠባቂ ይፈልጋል።

፪ ከብሎን በፊት

ብሎን ቀላል ነገር ይመስላል፤ ታሪኩ ግን ቀላል አይደለም። ጥርሱ በትክክል የሚቈረጥ ብሎን በብዛት መሥራት የተቻለው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌ እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ የጥርስ መቍረጫ መኪና ካሻሻለ በኋላ ነው። የጥርሱ ልክ በሁሉ ስፍራ አንድ እንዲሆን ጆሴፍ ዊትዎርዝ ሥርዐት ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1841 ነበር። ስለዚህ ጋፋት ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን፥ አንዱ ብሎን ለሌላው ዳዶ እንዲገጥም ማድረግ በአውሮፓም ገና ሃያ ዓመት ያህል ብቻ የሆነው ነገር ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን የመሰለ መሣሪያና መኪና ወደ አገራቸው እንዲገባ ፈልገው ነበር። ለዚሁም ጕዳይ ፍላድ በ1858 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተላከ። ከእንግሊዝም ባለሙያዎችና ዕቃዎች ተነሥተው በ1859 ዓ.ም. እስከ ምጽዋ ደርሰው ነበር። ነገር ግን በእስረኞቹ ምክንያት በተፈጠረው ጠብ ወደ ውስጥ ሳይገቡ ተመለሱ። በጋፋትና በምጽዋ መካከል የነበረው መንገድ የጥቂት ሳምንት መንገድ ነበር፤ ያ መንገድ ግን ለብዙ ዘመን ሳይታለፍ ቀረ።

ታዲያ የአገራችን ባለ እጅ ብረትን በምን ያያይዝ ነበር? በችንካር፥ በሽብልቅ፥ በቀለበት፥ በጠፍር፥ ጠርዝን አጥፎ በመቀጥቀጥ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ እርሻው ነው። ማረሻው በዕንጨቱ ጫፍ ላይ ይጠለቃል፤ ድግሩ በወገል ይያዛል፤ ሞፈሩና ቀንበሩ በምራን ይታሰራሉ። ይህ መሣሪያ በጭቃ ውስጥ ይውላል፥ በዝናም ያድራል፤ ሆኖም ማረሻው በደነዘዘ ጊዜ ገበሬው በቀላሉ አውልቆ ወደ ቀጥቃጩ ይወስደዋል። አንድም የሚነክስ ጥርስ የለበትምና። ስለዚህ ባለ እጁ ብሎን አለመሥራቱ ካለማወቅ ብቻ የመጣ ነው ማለት ልክ አይመስለኝም። በመዶሻ፥ በጉጠትና በወናፍ ሊሠራ የሚቻለውን፥ ሲበላሽም በዚያው መሣሪያ ሊታደስ የሚቻለውን መረጠ።

በብሎን የታሰረ ነገር ለአገራችን ሰው በቅድሚያ የታወቀው በጠመንጃ ሳይሆን አይቀርም። በ1533 ዓ.ም. ከክሪስቶፎር ዳ ጋማ ጋራ የመጡት 400 የሚሆኑ ፖርቱጋሎች የያዙት ነፍጥ፥ ከዚያም በኋላ በየጊዜው የገባው ጠመንጃ ማንቀሳቀሻው በብሎን የሚያያዝ ነው። ባለ ጠመንጃም መሣሪያውን በሞራ እያሸ ይጠብቅ ነበር። ወደ ወጥ ቤትና ወደ ጋራዥ ግን ብሎን በብዛት የገባው በጣሊያኖች አማካይነት መሆኑን ቋንቋችን ራሱ ይመሰክራል። መዶሻ፥ ጉጠት፥ ወናፍ፥ ሞረድ የምንለው በራሳችን ቃል ነው። ዳዶ፥ ሮንዴላ፥ ካቻቪቴ፥ ፒንሳ፥ ላሜራ፥ ግራሶ የምንለው ግን የጣሊያን ቃል ነው፤ ምድጃውንም እንኳ ፈርኔሎ እንለዋለን። ቃሉ ከዕቃው ጋራ ገባ፤ የዕቃው አጠባበቅ ግን እንደ ቃሉ በሰፊው አልተሠራጨም። በጋራዥ ያለ መካኒክ ብሎን ከማጥበቁ በፊት ግራሶ ይቀባል፤ በወጥ ቤት ግን ይህን የሚያደርግ ጥቂት ነው።

፫ ብሎን ለምን ይነክሳል?

ሽማግሌው «ብረት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል» ያሉት ቃል ከኬሚስትሪ ትምህርት ጋራ በትክክል ይስማማል። ብረት ከውሃና ከኦክሲጅን ጋራ ሲገናኝ ዝገት ይሆናል፤ ዝገቱም ከተገኘበት ብረት ከሁለት እጥፍ የሚበልጥ ስፍራ ይይዛል። በብሎኑና በዳዶው ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከወረቀት ውፍረት ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ጥቂት ዝገት ክፍተቱን ሞልቶ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል።

በማብሰያ መሣሪያ ላይ ይህ ነገር የሚፋጠንበት ሦስት ምክንያት አለ። አንደኛው እሳቱ ነው። ተራ ዘይትና ግራሶ በእሳት አጠገብ ይቃጠላል፤ የሚቀረው ጥቁር ጥርጊያም ብሎኑን እንደ ሙጫ ያጣብቀዋል። የጋለውም ብረት በላዩ ቅርፊት ያወጣል። ሁለተኛው ዐመድና ጨው ነው። ዐመድ የአየርን እርጥበት የሚስብ ጨዋማ ነገር አለበት፤ ከድስት የሚገነፍለውም ወጥ ጨው አለበት፤ ሁለቱም ዝገትን ያፋጥናሉ። ሦስተኛው መጋልና መቀዝቀዝ ነው። አንድ ሜትር የሆነ ብረት ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በየቀኑ ሲረዝምና ሲያጥር ማያያዣው እየላላ ውሃ የሚገባበት መንገድ ይከፈታል። እንደ ደብረ ታቦር ባለ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ፥ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንመው ዝናምና የሌሊቱ ጤዛ የቀረውን ይፈጽመዋል።

፬ መከላከያው

የመጀመሪያው መከላከያ ብሎን የማያስፈልግበትን ስፍራ መለየት ነው። በእሳቱ ዙሪያ በየጊዜው የሚለወጥ ክፍል ቢኖር፥ እንደ ርብራብ ያለው፥ ያለ ማያያዣ በጠርዝ ላይ ቢቀመጥ ወይም በችንካርና በሽብልቅ ቢያዝ ይሻላል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ቆርቆሮ የሚሠሩትን የከሰል ምድጃዎች ብንመለከት ጠርዛቸው በመታጠፍ የተያያዘ እንጂ ብሎን የላቸውም። ይህ ድኽነት ብቻ ሳይሆን ጥበብም ነው።

ብሎን የግድ በሆነበት ስፍራ ግን ከማጥበቁ በፊት ጥርሱን መቀባት ያስፈልጋል። እሳት በማይደርስበት እግርና መያዣ ላይ ግራሶ፥ ወይም ሞራ ከሰም ጋራ ቀልጦ ቢቀባ ይበቃል። ቅቤ ግን አይሆንም፤ ውሃ አለበት፥ ሲቈይም ይኰመጥጣል። ወደ እሳቱ በተጠጋው ክፍል ላይ የሚሻለው ግራፋይት፥ ማለት በመጻፊያ እርሳስ መካከል ያለው ጥቁር ነገር፥ ወይም የመዳብና የኒኬል ብናኝ ያለበት ልዩ ቅባት ነው። በእነዚህ ውስጥ ያለው ዘይት ቢቃጠልም ብናኙ በጥርሶቹ መካከል ቀርቶ ብረትን ከብረት ይለያል።

ስለ ብሎኑ ዐይነትም ማሰብ ይገባል። በዚንክ የተለበጠ ብሎን ለዝናም መልካም ነው፤ ነገር ግን ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥና በጣም ሲግል የሚያወጣው ጢስ ለጤና ስለሚጐዳ በእሳት ውስጥ ሊገባ አይገባውም። የማይዝግ ብረት ብሎን በማይዝግ ብረት ዳዶ ያለ ቅባት ሲጠብቅ፥ ዝገት ሳይኖር እርስ በርሱ ተፋጭቶ ይነክሳል። መጠነኛ ሙቀት ባለበት ስፍራ የብረት ብሎን በነሐስ ዳዶ ቢታሰር ዳዶው ከብረቱ ጋራ በዝገት አንድ ስለማይሆን ከዓመታት በኋላም ሊፈታ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ልማድ ነው። ምድጃው በቀዘቀዘ ጊዜ ዐመዱን ማውጣት፤ የገነፈለውን መጥረግ፤ ዝናም እንዳይመታው መሸፈን፥ ነገር ግን ገና ትኵስ ሳለ ወይም እርጥብ ሳለ አለመሸፈን፤ ከክረምት በፊትና ከክረምት በኋላ ብሎኖቹን አንድ ጊዜ አላልቶ፥ ቀብቶ፥ እንደ ገና ማጥበቅ። ከዚህ በላይ ብዙ ጥበብ አይጠይቅም።

የነከሰ ብሎን ባጋጠመ ጊዜም ጕልበት የመጨረሻው መድኀኒት ነው። በመጀመሪያ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ መጥረግ፥ ከዚያ ምድጃው ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ጊዜ ነጭ ጋዝ ወይም ቀጭን ዘይት አንጠባጥቦ ማሳደር፥ በማግሥቱም የብሎኑን ራስ በመዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ነው። ከዚያም ወደ መፍታት ከመሄድ በፊት በጥቂቱ ወደ ማጥበቅ ቢያዞሩት ዝገቱ ይሰነጠቃል። ይህም ካልሆነ፥ ጋዙና ዘይቱ በደንብ ከተጠረገ በኋላ፥ ዳዶውን ብቻ ማጋል ነው፤ ዳዶው ሲግል ይሰፋልና ብሎኑን ይለቀዋል። እኛ በትምህርት ቤት ያደረግነው የዚህን ሁሉ ተቃራኒ ነበር።

የወጥ ቤት ሰዎች ይህን ዕውቀት ፈጽሞ አያውቁትም ማለት አይደለም። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ እናቶቻችን ጎመን ዘር ፈጭተው በጋለው ምጣድ ላይ ያሹታል። ዘይቱ በሙቀት ጠጥሮ ለስላሳ ጥቁር ሽፋን ይሆናል፤ እንጀራውም አይጣበቅም። የብረት ድስትን ከዝገት የሚጠብቀውም ይኸው ሥራ ነው። ስለዚህ በሸክላው ላይ የምናውቀውን ወደ ብረቱ ማሻገር ነው የሚያስፈልገው።

መደምደሚያ

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ጋፋት የሚያስተምረን ከዚህ ምሳሌ ጋራ የሚስማማ ይመስለኛል። በጋፋት ምድጃ ተሠራ፥ ነሐስ ቀለጠ፥ ታላቅ መድፍም ወጣ፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም ከፈረንጆቹ ጋራ ደከሙ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ሲያልፉ ሥራው አብሮ አለፈ። ለዚህም ጦርነቱ፥ የመሣሪያው አለመግባትና የባለሙያዎቹ መበተን ምክንያት መሆናቸው የታወቀ ነው። ከእነዚህ ጋራ ሊጠቀስ የሚገባው ሌላ ምክንያት፥ በእጁ የሚሠራው ሰው በአገሩ ክብር ማጣቱ ነው። በበጌምድርና በደምቢያ ብዙውን የብረት ሥራ የሚሠሩት ቤተ እስራኤልና ሌሎች ባለ እጆች ነበሩ፤ ማረሻውን እየሠሩ ቡዳ ይባሉ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሥራውን አከበሩ፤ ዐፄ ምኒልክም በንግሥና ዘመናቸው (1882–1906 ዓ.ም.) ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከለከሉ። አዋጅ አንደበትን ሊከለክል ይችላል፤ የተሸፈነን ሊጥ ግን ሊገልጥ አይችልም።

ስለ ጋፋት ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ መድፉ ነው። እኔ ደግሞ ዳዶውን ከክረምት በፊት አላልቶ ስለሚቀባው ሰው ቢጻፍ እወዳለሁ። አዲስ መኪና ማስገባት በገንዘብ ይቻላል፤ የገባውን መኪና ማኖር ግን የሚቻለው ያን ሰው አክብሮ፥ አስተምሮ፥ ከእርሱም ተምሮ ነው። እኔ ከኬሚስትሪ መጽሐፍ ከመማሬ ከሁለት ዓመት በፊት ብረት ውሃ ሲጠጣ እንደሚያብጥ የነገሩኝ እኚያ ሽማግሌ ነበሩ። በዚያን ቀን እጃቸውን አልጨበጥኩም። ይህን ጽሑፍ ያንን ዕዳ እንደ መክፈል አልቈጥረውም፤ ዕዳው መኖሩን ማመን ግን የመጀመሪያው ሥራ ይመስለኛል።